ባለ አራት ቁጥሩ ማሊያ

ተከላካዩ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ከካናዳ ወጥቶ በየአገሩ የበረዶ ሆኪ ሲጫወት ስንት ክለብ እንደለወጠ፣ ስንቴ ጭንቅላቱን ተመትቶ እንደወደቀ መቁጠር ከተወ ቆይቷል። ሁሉም ፊቱን ሲያዞርበት የተቀበለችው ይህች የስሎቫኪያ ትንሽ ከተማ ብቻ ናት። «ደግነቱ እዚህ ማንም አያውቀኝም» አለ በልቡ፤ «እንደ አዲስ እጀምራለሁ።»

የክለቡ ልብስ ሰፊ አሮጊት ባለ አራት ቁጥሩን ማሊያ አወጡ። ክለቡ ድሃ ስለሆነ ተጫዋች በተቀየረ ቁጥር አዲስ ማሊያ አይገዛም፤ የመጪው ስም በሄደው ስም ላይ ይሰፋል።

«ጀርባው ከብዷል፤ የድሮዎቹን ላንሳልህ» አሉና ስፌቱን በምላጭ መተርተር ጀመሩ።

«ስሜን ልጻፍልዎት፣ እማማ?»

«አያስፈልግም ልጄ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ራስ ምታቱ ተሻለህ?»

ወኪሌ ነግሯቸው ይሆናል ብሎ አሰበ።

አንዱ የስም ጨርቅ ተነሣ፤ የማያውቀው ሰው ነው። ሁለተኛውም ተነሣ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ አሮጊቷ ምላጩን አስቀመጡና ማሊያውን አቀበሉት።

«በቃ፣ ልበሰው።»

ከሁሉ ስር፣ በደበዘዘ ክር የተጠለፈው የራሱ ስም ነበር።