የሞላሌ እግር

አቶ ገሠሠ ቅጣው ሞቱ።

ሲሞቱም እያዘዙ ነበር። የመጀመሪያው ትእዛዝ ምራታቸው እመቤት ለቀብራቸው ሳትቆም ወደ ሞላሌ፣ ወደ አባቷ ቤት እንድትመለስ ነው። ሁለተኛው ከስክስ ጫማቸው ከእግራቸው ሳይወልቅ እንዲቀበሩ። ልጃቸው ምንተስኖት ለሁለቱም "እሺ" አለ። ለአባቱ እሺ ማለት የጀመረው አፍ ሲፈታ ነው።

የመጀመሪያው ትእዛዝ ምክንያት በመንደሩ ሁሉ የታወቀ ነው። የእመቤት ዘር ልክ አይደለም።

ነገሩ የተጀመረው በልጇ በጽናት ነው። ጽናት በአራት ዓመቷ መሰናከል ጀመረች። ስትራመድ የእግሯ ጫፍ ይንጠለጠልና መሬት ይነካል። ላስቲክ ጫማዋ እየወለቀ ስላስቸገረ እናቷ በጨርቅ ከቁርጭምጭሚቷ ጋር ታስርላት ነበር። ቆይቶ የእጅ ጣቶቿም ሰነፉ። እመቤት የቀሚሷን ቁልፎች ቆርጣ ጥላ በማሰሪያ ለወጠቻቸው። እርሳስ የምትይዘው እንደ ዱላ ጨብጣ ነው፤ ቢሆንም ከእኩዮቿ ቀድማ ማንበብ ቻለች።

ደብረ ብርሃን ያያት ሐኪም ጉልበቷን መታ መታ አደረገና "የነርቭ በሽታ ነው፤ በዘር ይሄዳል። ከእናት ወይም ከአባት ወገን ይመጣል" አለ። ምንተስኖት ይህንኑ ቃል በቃል ለአባቱ ነገራቸው። የአቶ ገሠሠ ጆሮ ደህና ነበር፤ ግማሹን ሰማ።

"ከእናት ወገን አለ?"

"ወይም ከአባት ብሏል፣ አባባ።"

"እሱን ለይሉኝታ ነው የጨመረው። ሐኪምም ሰው ነው።"

ከዚያ ወዲያ የእመቤትን አጥንት መቁጠር ያዙ። ሥራውን ያውቁበታል፤ የራሳቸውን አጥንት ማንም ሳይጠይቃቸው በየድግሱ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። የእመቤት ግን ሩቅ አላስኬዳቸውም። አንዲት አንካሳ አክስት ተገኘችላት።

"እሷኮ ከበቅሎ ወድቃ ነው" አለች እመቤት።

"ለምን ወደቀች?" አሉ አቶ ገሠሠ። ጉዳዩ በዚሁ ተዘጋ።

እሳቸው ከበቅሎ አይወድቁም። አይወርዱም ማለትም ይቻላል። ቀበሌ ጽሕፈት ቤቱ ከቤታቸው ቢጣሩ የሚሰማበት ቅርበት ላይ ነው፤ እዚያም በበቅሎ ነው የሚሄዱት። ከወረዱ ከስክሱ ጧ ጧ ስለሚል ሰው ከሩቅ ሰምቶ ይነሣላቸዋል። ጠላ ሲቀርብላቸው ዋንጫውን በሁለት እጃቸው እንደ ሹመት ይቀበላሉ። ኮታቸውን የሚቆልፉላቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ኮከቤ ናቸው፤ የሚያጎርሷቸውም እሳቸው። ጌታ ሰው እጁን ለምን ያደክማል? ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጫማ ከሚወለቅበት ደጃፍ አያልፉም፤ ከቅጥሩ ውጭ ቆመው ያስቀድሳሉ። ይህም ትሕትና ተባለላቸው።

በአንድ የነሐሴ ጠዋት እመቤት ለመነቻቸው።

"አባባ፣ ወንዙ ሞልቷል። ዛሬ ብቻ ጽናትን በበቅሎዎ ቄስ ትምህርት ቤት ላድርሳት?"

"በእግሯ ሄዳ ትልመድ። እግር ሳይራመድ አይበረታም" አሉ፣ ኮርቻ ላይ ሆነው። የማዳበሪያ ስብሰባ ነበረባቸው።

ጽናት ወንዙን ስትሻገር እግሯ ድንጋዩ ላይ አልቆመላትም።

ሲገንዟት የእግሯን አውራ ጣቶች አንድ ላይ ማሰር አስቸገረ። ውስጥ እግሯ እንደ ድልድይ ጎብጦ ጣቶቿ ተቆልምመዋል። የቄሱ የአባ መርስዔ ፈትል ሾለከ። ደግመው አሰሩት፤ ሾለከ። ምንተስኖት ፈትሉን ተቀበላቸውና ከሥር አዙሮ፣ በመሐል አሳልፎ አሰረው።

አቶ ገሠሠ ደጅ ቆመው ይጠብቁት ነበር።

"አየኸው?" አሉት። "የሞላሌ እግር።"

አሁን እመቤት ሁለተኛ ልጅ አርግዛለች። አቶ ገሠሠ ይህኛው በቤታቸው አጥንት እንዲቆጠር አልፈለጉም። ሞት አጣደፋቸው እንጂ ራሳቸው በሸኟት ነበር።

በሞቱ ማግሥት ጠዋት እመቤት ልብሷን በማዳበሪያ ከረጢት ከትታ የቤቱ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ለቅሶኛው በጎኗ እያለፈ ይገባል።

"የሞላሌው መኪና ከሰዓት ነው" አላት ምንተስኖት ፊቷን ሳያይ።

"ቀብሩ ላይ ልቁም?"

"አትቁም ብለዋል።"

"አሁንማ ማን ያየኛል?"

ምንተስኖት ወደ ውስጥ ዞር አለ። በዚያ ቤት መልስ የሚሰጡት አባቱ ነበሩ።

ከውስጥ ጭቅጭቅ ይሰማል። አባ መርስዔ ስለ ከስክሱ አሻፈረኝ ብለዋል።

"በጫማ የሚገነዝ ክርስቲያን የት አያችሁ? ወዴት ሊዘምት ነው?"

"ቃላቸው ነው፤ ይተዉልኝ አባ" ይላሉ ወይዘሮ ኮከቤ።

"ከስክሱን አንድ ደጃዝማች ሸልመዋቸው እኮ ነው" አለ ከለቅሶኛው አንዱ።

"ደብረ ብርሃን ገበያ ሲገዙት ነበርኩ" አለ ሌላው።

በኋላ በሽምግልና አለቀ። ጫማው ይወልቃል፤ የሚያወልቀውና የሚገንዘው ግን ልጃቸው ብቻ ነው። ወይዘሮ ኮከቤ ፈትሉን በእጁ አስጨበጡት።

"በሩን ዝጋ፣ ልጄ" አሉትና ፊታቸውን አዞሩ።

ምንተስኖት በሩን ዘጋ። የከስክሱን ክር ፈትቶ ጫማውን ውስጡ ከተጠቀጠቀው ጨርቅ ጋር ሳበው። ሁለቱን አውራ ጣቶች አገጣጥሞ አሰረ። ፈትሉ ሾለከ። ደግሞ አሰረ። ሾለከ።

ከሥር አዙሮ፣ በመሐል አሳልፎ አሰረው፤ ከዚያ እግራቸውን ሳይሸፍን በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ።