ከፊት የሚሰቀለው ባና

ሀያት ላፕቶፑን ወደ አባቷ አዞረችው። እሳቸው የሚሠሩትን የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ ባና፣ በስልክ ለመሸጥ የጀመረችው መተግበሪያ ገና ንድፍ ነበር፤ ፎቶ በሚገባበት ቦታ ሁሉ ኤክስ የተሰመረባቸው ግራጫ ሳጥኖች ተደርድረዋል።

«ምነው ልጄ፣ ሁሉንም ሰረዝሽውሳ?» አሉ ሸማኔው ደንገጥ ብለው።

«አልሰረዝኩትም አባ፤ ዋናው ፎቶ እስኪመጣ ቦታ መያዣ ነው። ባዶ ሳጥን ከሚያዩ ግን አንድ ባና ይስጡኝና ፎቶውን ላስገባ። ለጊዜው ለማሳያ ነው፤ እሱ ባና አይሸጥም።»

«አይሸጥም?» ፊታቸው ፈካ። ተነሥተው ከገበያ ጆንያቸው አንድ ጥቁር አሮጌ ባና አወጡ። በየሳምንቱ አቀስታ ገበያ ከፊት ይሰቅሉታል፤ ሰው እሱን ዳስሶ ሌላውን ይገዛል። ማታ ተጣጥፎ ሲመለስ እያየች ያደገችው ሀያት አንጀቷን ይበላት ነበር።

«ይኼ ምስኪን ዛሬም ገዢ አላገኘም?» አለች እየሳቀች።

«ገዢ?» አሉ አባቷ ጫፉን በመዳፋቸው እያሻሹ። «ወላሂ ስንቱ ለምኖኛል! አንቺ የተወለድሽ ለት የታቀፍኩሽበትን እንዴት አድርጌ ልሽጠው?»