የግራው ባሌስትራ

እንደ ሌላው ቀን ሁሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነቃች። ውሃ አሞቀች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ጠዋት ጠዋት የሚያማትን ግራ ትከሻዋን በቅባት አሸች። ሻይዋን ቆማ ጠጣች። ትራሱን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወጣች።

የመኪናው መቀመጫ ባሏ በተወው ቦታ ላይ ነው። እሱ ረጅም ነበር። ወደ ፊት መሳብ እየቻለች፣ ሰባት ወር ሙሉ ትራስ ከጀርባዋ እያደረገች ነዳች። ለምን ብሎ የጠየቃት የለም።

ጋራዡ ስትደርስ ዋርሳዋ ቀድሟታል። የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። ከመጽሔት የተቀደደ ሥዕል ይዟል፤ ጎማው ሰው ደረት ላይ የሚደርስ መኪና።

«አራት ኢንች ይነሣ፤ ጎማው ሠላሳ ሦስት ይሁን» ይላል መካኒኩን። ወደ እሷ ዞረ። «እትዬ፣ ወንዙ ሲሞላ አንቺ ከላይ ሆነሽ ነው የምታይው።»

«በምን ወጥቼ? በመሰላል?»

መካኒኩ ሳቀ። ሽማግሌ ነው፤ ከደረት ኪሱ መለኪያ ስለማይጠፋ ጋሽ ሜትሮ ይሉታል። ሚስቱን ያጫት ቁመቷን ለክቶ ነው ብለው ያሙታል።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለ ሥዕሉን እያየ። «አራት ኢንች ስታነሣው የሰከረ ሰው ነው የሚሆንልህ፤ ገደላገደል ላይ ትንሽ ዘንበል ካለ አለቀ። ሠላሳ ሦስቱ ደግሞ መሪውን ጥግ ድረስ ባዞርክ ቁጥር ከላዩ ያለውን ፓራፋንጎ ይፍቃል።»

«ወንድሜ ግን አራት ነበር የሚፈልገው።»

«እንግዲያው ወንድምህ ራሱ ይምጣና ይከራከረኝ።»

ዋርሳዋ ሥዕሉን አጠፈው።

«አይመጣም» አለች እሷ፣ ስለ አውቶቡስ እንደሚናገር ሰው።

አዋላጅ ናት። ጤና ጣቢያው ከወንዙ ማዶ ነው። ባለፈው ክረምት ውሃው የበሩን ደፍ ነክቶ ነበር፤ ያኔ መሪውን የያዘው ባሏ ነበር። ዘንድሮ ዝናቡ ሳይገባ መኪናው ካልተነሣ መሥሪያ ቤቷ ወደ ከተማ ሊያዛውራት ነው። ማዶ ያሉት አምስት ነፍሰ ጡሮች አብረዋት አይዛወሩም።

«መኪናውን የሚሸከመው ባሌስትራ የሚመረጠው በጭነት ነው» አለ ሽማግሌው፣ ጠመኔውን እየፈለገ። «አዘውትሮ ስንት ሰው ይሄድበታል?»

«ሁለት።»

ጠመኔው ግድግዳው ላይ ሁለት ጻፈ።

«አንድ» አለች። «አንድ ሰውና የመድኃኒት ሣጥን።»

ሁለቷን በመዳፉ አጠፋት። ጎንበስ ብሎ ከጎማው ቸርኬ መሐል እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር ለካ፤ በቀኝ ሃምሳ ሁለት። ዞሮ በግራ ለካ። እንደገና ለካ። ወለሉን በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ የዘመመው ወለሉ ይመስል። ከዚያ በጠመኔ አርባ ዘጠኝ ብሎ ጻፈ።

«ሦስት ሴንቲ ሜትር ወርዷል! ሹፌሩ ምን የሚያህል ሰው ነው? በሬ ነው እንዴ የጫናችሁበት?»

«ግዙፍ ነበር» አለ ዋርሳዋ።

ጋሽ ሜትሮ መለኪያውን ቀስ ብሎ ጠቀለለ። ቆቡን አወለቀ፤ ምን እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት መልሶ አጠለቀው።

«ሁለት መንገድ አለ፣ ልጄ» አላት። ድምፁ ወርዷል። «አሮጌውን ሳልነካ ከሥሩ ብረት ደግፌ አነሣዋለሁ፤ ማዘንበሉ ግን አይለቀውም። ወይም አራቱንም በአዲስ እቀይራለሁ። ሁለት ኢንች፣ ሠላሳ አንድ ጎማ። ያኔ ቀጥ ይላል።»

ዘጠኝ ዓመት በቀኝ ወንበር ተቀምጣለች። ከሥራ ሲመለሱ እንቅልፍ ሲጥላት ወደ እሱ ትንሸራተትና ትከሻው ላይ ታርፋለች። «መንገዱ ነው የሚያጋድለው» ይላት ነበር። ጠዋት ሲሄዱም፣ ማታ ሲመለሱም መንገዱ ወደ እሱ ያጋድላል። አንድም ቀን አስባው አታውቅም። ሰባት ወር ደግሞ እሷ በግራ በኩል ተቀምጣ በሩን በትከሻዋ ተደግፋ ትነዳለች። ድካም መስሏት ነበር።

«አሮጌው ይቆይ፣ እትዬ» አለ ዋርሳዋ ቀስ ብሎ። «የሱ ነው።»

ፊቱን አየችው። ሥዕሉን አጣጥፎ አጣጥፎ ጥፍር አሳክሎታል።

«ጋሼ፣ እንደዘመመ ወንዝ ቢገባ ውሃው በየት በኩል ይቀድማል?»

«በግራ። ባንቺ በኩል።»

«ይቀይሩት» አለች። «ሁለት ኢንች።»

የተገለበጠ ጎማ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ክሪኩ መኪናውን አነሣ። አሮጌዎቹ ወጥተው ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ተጋደሙ፤ የቀኙ እንደ ደጋን ጎብጧል፣ የግራው እንደ ጣውላ ተኝቷል። ዋርሳዋ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ዝገቱን በአውራ ጣቱ ያሻል። ተወው አላለችውም።

ከሰዓት በኋላ መኪናው ከክሪኩ ወረደ። ሽማግሌው በሩን ከፈተላት። መርገጫው ከፍ ብሏል፤ እጀታውን ይዛ ወጣች። ትራሱን ከጀርባዋ አደረገች። ትከሻዋ በሩን አልነካም።

ጋሽ ሜትሮ በሁለቱም በኩል ለካ። ቀኝ ሃምሳ ሰባት፣ ግራ ሃምሳ ሰባት። የድሮዋን አርባ ዘጠኝ በጨርቅ ጠረጋት።

ባሏ በግራ በኩል የተዋቸው ሦስት ሴንቲ ሜትሮች የሉም።