ለብርሃን ሲባል

የኤሌክትሪክ ሽቦ ከየቤቱ ከተነቀለ ወዲህ ድሬዳዋ የምትበራው በባሕር ውሃ ነው። በየሳሎኑ ግድግዳ ውስጥ በተገነባው የመስታወት ገንዳ በዓይን የማይታዩ የባሕር ተሕዋስያን ይኖራሉ፤ ጩኸት ውሃውን ሲያናውጠው በሰውነታቸው ያለው ኬሚካል ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። ሲጨቃጨቁ የሚውሉት ጎረቤቶች ቤት ሁሌም ብርሃን ነው። አርባ ዓመት ክፉ ቃል ሳይለዋወጡ የኖሩት አቶ መንበሩና ባለቤታቸው ወይዘሮ ትደነቅያለሽ ግን ሲመሽ በጨለማ ይቀመጣሉ።

አንድ ምሽት፣ ከስድስት ዓመት በፊት ከቤት ከወጣችው ልጃቸው ደብዳቤ መጣ። እስኪነጋ መጠበቅ አልቻሉም። አብረው ቢዘፍኑም ገንዳው ጭል ጭል ብሎ ጠፋ።

«በል ተቆጣኝ» አሉ ወይዘሮ ትደነቅያለሽ።

«ምን ብዬ?»

«አፍህ ላይ የመጣልህን!»

አቶ መንበሩ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ድንገት፣ «ልጄን ያባረርሽብኝ አንቺ ነሽ!» ብለው ጮኹ።

ቤቱ እንደ ቀትር ቦግ አለ። ሁለቱም ደነገጡ። ወይዘሮ ትደነቅያለሽ እንባቸውን ጠርገው ደብዳቤውን ማንበብ ጀመሩ። የመጀመሪያው ገጽ ሲያልቅ ብርሃኑ ደከመ።

«ቀጥል» አሉ ቀና ሳይሉ፤ «ገና ሁለት ገጽ ይቀራል።»