አንድ መቅኔ ለሁለት

በፊት እኛ የሰፈር ሽማግሌዎች ለጋብቻ የምንቆጥረው እስከ ሰባት ቤት ዘር ብቻ ነበር። የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ ከበዛ ወዲህ መቅኔ የሰጠውም ሰው ይቆጠራል፤ ደሙን የሚያመርተው መቅኔ ነዋ።

ጥበቡ ሠላሳ ዓመት የቧንቧ ብየዳ በጨረር ሲመረምር ኖሮ መቅኔው ስለተጎዳ አዲስ ተተከለለት። የእልፍነሽ ደግሞ በእርጅና ደክሞ ተተካ። ሁለቱም የትዳር ጓደኛ የሞተባቸው ናቸውና እንጋባ ብለው መጡ። ወረቀታቸውን ስናይ ለሁለቱም የሰጠው አንድ የደሴ ጎረምሳ ሆኖ ተገኘ።

«በደም እህትና ወንድም ሆናችኋል፤ አይሆንም» አልን።

ጥበቡ አንገቱን ደፋ። እልፍነሽ ግን «የራሴ አሮጌ መቅኔ ሆስፒታል ውስጥ በቅዝቃዜ ተቀምጦልኛል። እሱን ይመልሱልኝ» አለች።

«ተይ እልፌ፣ በአሁኑ ሠላሳ ዓመት ትኖሪያለሽ። በአሮጌው አሥርም አይሞላልሽ» አላት ጥበቡ።

«ሠላሳውን ከእነዚህ ሽማግሌዎች ጋር ልጨርሰው?»

ይሁን ብለን መረቅናቸው። አሮጌው መቅኔዋም ተመለሰላት።

አሁን የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ስለሚያጥራት ጥበቡ ወንበር ተሸክሞ ይከተላታል። በየፎቁ ተቀምጣ ከጎረቤት ጋር ስለምታወራ ጠዋት ደረጃውን ጀምረው ቤታቸው የሚደርሱት ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ጥበቡ አንድም ቀን ሲያጣድፋት አይቼ አላውቅም።