የተተከለው ድንኳን

«ምትክ ልብ ሳይገኝልሽ ሰርግ ብሎ ነገር የለም!» አሉ አጎቷ ጋሽ ደምሰው።

«ተራዬ እስኪደርስ ደረቴ ውስጥ ያለው ፓምፕ ያቆየኛል። እኔ ደግሞ አገባለሁ!» ብላ ከወንበሯ ስትነሳ ራሷን ስታ ወደቀች።

ጋሽ ደምሰው የእጇን አንጓ ይዘው ትርታ ቢፈልጉ አጡ። እሪታቸውን አቀለጡት። እድርተኛው ደርሶ በነጠላ ሸፈናት፤ ግቢው ውስጥም ድንኳን ተተከለ።

ለቀስተኛው ደረቱን ሲደቃ ነጠላው ተነቃነቀ።

«ጋሼ፣ ፓምፑ ደሜን ሳያቋርጥ ስለሚገፋው ትርታ የለኝም። ሐኪሙ ይህን ሲነግረን እርስዎ ስልክ ያወሩ ነበር» አለች፣ ተነስታ ቀሚሷን እያራገፈች።

እድርተኞቹ እያፈሩ ካስማውን ሊነቅሉ ጎንበስ አሉ።

«ተዉት!» ብላ ጮኸችባቸው። «ቅዳሜ ሰርጌ ነው።»