ማንም ያልነካው ማስታወቂያ

ማስታወቂያውን የሚነካው ሰው ጠፋ።

ድረ-ገጹ የሚከራዩ ቤቶችን ያወጣል። ቤት ፈላጊው ቀኑን ሙሉ ይጎርፍበታል፤ ፎቶ ያያል፣ ዋጋውን ይራገማል፣ ደግሞ ተመልሶ ያያል። ከቤቶቹ መሀል ደህና ቦታ ይዞ የተቀመጠ አንድ ማስታወቂያ አለ፤ ቤት ለሚቀይሩ ሰዎች ዕቃ የሚያጓጉዝ ድርጅት ማስታወቂያ ነው። የቢሮው ኪራይም ሆነ የሠራተኛው ደመወዝ የሚወጣው ከእሱ ነው። ያንኑ ማስታወቂያ ነፍስ ያለው ፍጡር አልነካው አለ።

የሠራችው የድረ-ገጹ ዲዛይነር ናት። የኋላ በሩ የተከፈተ ቢጫ መኪና ከድርጅቱ ግቢ በር ላይ ቆሟል። ከሥሩ አድራሻው አለ፣ ከአድራሻው ጎን ደግሞ ቀይ ቁልፍ። ቁልፉ ላይ «እዚህ ይጫኑ» ብላ ጻፈችበት፤ ድረ-ገጽ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። የድርጅቱ ባለቤት፣ ባለመኪናው፣ የግቢዬ በር ካልታየ ሞቼ እገኛለሁ ስላለ በሩ ወለል ብሎ ይታያል። ቁልፉን የነካ ሰው ስሙንና ስልኩን የሚያስመዘግብበት ገጽ ይከፈትለታል።

የቢሮው አለቃ በየጠዋቱ ቁጥሩን ያያል። ያዩት ሰዎች ለጉድ ናቸው። የነኩት ግን ሁለት ብቻ ናቸው። አንዷ ራሷ ዲዛይነሯ ናት፣ ይሠራ እንደሆነ ስትሞክር። ሌላው አለቅየው ነው፣ ስልኩ ላይ ያረፈች ዝንብ ሲያባርር።

«ወሩ ሳያልቅ ይህ ቁጥር ካልተነቃነቀ ባለመኪናው እኔን ያባርራል» አላት። «እኔ ደግሞ አንቺን።»

ነገሩ ለእሷ ቀልድ አልነበረም። ይህን ሥራ እስክታገኝ ድረስ የምታድረው እህቷ ሳሎን፣ ሶፋ ላይ ነበር። የእህቷ ባል ክፉ ሰው አይደለም፤ ብቻ ቁርስ ላይ ባያት ቁጥር ጉሮሮውን ይጠርጋል። ያንን የጉሮሮ ድምፅ ሁለተኛ ከምትሰማ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ትመርጣለች። አሁን በስሟ የተከራየቻት፣ ቁልፏ በእጇ ያለ አንዲት ክፍል አለቻት።

ስለዚህ ማስታወቂያውን ወደ ላይ ሰቀለችው። ወደ ጎን ወሰደችው። በሁለት ቤቶች መሀል ሸጎጠችው። መኪናው ብልጭ ድርግም እንዲል አደረገች። የመዝጊያዋን ምልክት ትንኝ የምታህል አደረገቻት፤ ለመዝጋት የሚሞክር ስቶም ቢሆን ቁልፉን ይነካል ብላ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነባት።

አለቅየው ባለሙያ አስመጣ። ባለሙያው የሚስቱ ወንድም ሲሆን ሦስት ቀን ሥልጠና ወስዷል፤ ሦስቱንም ቀን ሲያወራ ነው የሚኖረው። በባለመኪናው ሰፈር በኩል ስመጣ መንገዱ ተዘጋግቶ ነው ብሎ አርፍዶ ደረሰ። ማስታወቂያውን አየ፣ አገላበጠ፣ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። ቀለሙ ደህና፣ ቦታው ደህና፣ መጠኑም ደህና ነው አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሰው እኮ ተሳስቶም ይነካል። እንዲህ ያለ ባዶ ቁጥር ዝም ብሎ አይመጣም፤ የሚያመጣው ሰው አለ።»

ይቺን ካለ በኋላ ማን ያቁመው። የተፎካካሪው የቤት ኪራይ ድረ-ገጽ ቢሮ ከመንገዱ ማዶ ነው። ዲዛይነሯ ምሳ ሰዓት ላይ ከዚያ ቢሮ ከመጣ አንድ ልጅ ጋር ሻይ ስትጠጣ ባለሙያው በዓይኑ አይቷታል። ልጁ አብሮ አደጓ ነው፤ የሚያወሩትም ስለ እግር ኳስ ነው። አለቅየው ግን ነገር አንዴ ከገባበት የማይወጣለት ሰው ነው። በነጋታው የኮምፒውተሯን የይለፍ ቃል ቀየረው። ስትገባ ንግግሩን ያቋርጣል፣ ስትወጣ ይቀጥላል። እሷም መጸዳጃ ቤት ገብታ ትንሽ አለቀሰች፣ ፊቷን ታጥባ ተመልሳ ተቀመጠች።

ባለመኪናው ደግሞ ስልክ አያነሳም። አለቅየው ደጋግሞ ደወለ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ። በመጨረሻ ሲያነሳ ከኋላው የሰው ጫጫታ ይሰማል፣ አንዱ «ቀስ! ቀስ በል!» ይላል። እሱም የዚያን ማስታወቂያ ጉዳይ በስልክ አላወራም፣ ራሴ እመጣለሁ ብሎ ጆሮው ላይ ዘጋበት።

አለቅየው ፊቱ አመድ መሰለ።

ባለመኪናው ከሰዓት በኋላ መጣ። ሸሚዙ በላብ ርሷል፣ ጫማው አቧራ ለብሷል፣ ድምፁ ጭራሽ ተዘግቷል። ወንበር ቢስቡለት አልቀመጥም አለ። ሊደባደብ የመጣ ነው የሚመስለው። ባለሙያው ቀስ ብሎ ወደ በሩ ተጠጋ።

አለቅየው ሰውየው አፉን ሳይከፍት ቀደመው። ዓይኑን በጨው አጥቦ ሁሉንም በእሷ ላይ ደፈደፈው። እሱ እንደሌለበት፣ ሥዕሉም ጽሑፉም የእሷ እንደሆነ፣ ከማን ጋር ሻይ እንደምትጠጣ እንኳ ሳይቀር ዘረዘረ።

«ደግሞም ጋሼ፣ ከዚህ ደቂቃ ጀምሮ ተባራለች» አለ። «እርስዎ ብቻ ውሉን አያፍርሱብኝ።»

ዲዛይነሯ ቦርሳዋን አንስታ ትከሻዋ ላይ አደረገች። ጆሮዋ ውስጥ የእህቷ ባል ጉሮሮውን ይጠርጋል።

ባለመኪናው ወደ እሷ ዞረ።

«ያንን ጽሑፍ የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ተባረኪ ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሥራሽ እኔ ዘንድ ነው» አላት፤ «‹እዚህ ይጫኑ› ያልሻቸው ሁሉ አልጋና ቁምሳጥናቸውን ተሸክመው ግቢዬ በር ላይ ተሰልፈዋል፣ መኪና አልቆብኛል።»